የፖሊመር ሙሙትን ፍሰት በምን እንለካ? መግነጢሳዊ ናኖቅንጣቶች ከሌሎቹ አማራጮች ጋር ሲነጻጸሩ

ተልባ ወይም አብሽ ውሃ ውስጥ ነክሮ ያሳደረ ሰው የፖሊመር ሙሙት ጠባይ ምን እንደሚመስል ያውቃል። ውሃው ይወፍራል፤ ከዕቃ ወደ ዕቃ ሲገለበጥ ክር እየሠራ ይወርዳል፤ በማንኪያ አጥብቀው ሲያማስሉት ለእጅ ይቀላል፤ ማማሰሉ ሲቆም ደግሞ መልሶ ይወፍራል። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ከዘሩ ወጥተው በውሃው ውስጥ የተዘረጉ ረጃጅም የስኳር ሰንሰለቶች ናቸው፤ እንዲህ ያለ ረጅም የሞለኪውል ሰንሰለት ፖሊመር፣ እሱ የሟሟበት ፈሳሽም ሙሙት ይባላል። በሽሮፕ፣ በቀለም፣ በዓይን ጠብታ፣ እንዲሁም ነዳጅ ከመሬት ውስጥ ገፍቶ ለማውጣት በሚረጨው ውሃ ውስጥ የሚገቡት ሰው ሠራሽ ፖሊመሮችም ጠባያቸው ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ይህን ጠባይ በቁጥር መግለጽ የሚፈልግ የድህረ ምረቃ ተማሪ፣ የላብራቶሪ ኃላፊ ወይም የጥራት ቁጥጥር ባለሙያ ግን ከፊቱ የሚደረደሩት አማራጮች ግራ ያጋቡታል። አንዱ የሚሽከረከር ሪዮሜትር ይግዛ ይለዋል፤ ሌላው ማይክሮስኮፕና ካሜራ ይበቃል ይለዋል፤ ሦስተኛው መግነጢሳዊ ናኖቅንጣቶችን ሙሙቱ ውስጥ ጨምሮ በተለዋዋጭ መግነጢሳዊ መስክ እንዲያዞራቸው ይመክረዋል። ሦስቱም «ዝልግልግነት» የሚባል፣ ፈሳሹ መፍሰስን ምን ያህል እንደሚቃወም የሚገልጽ ቁጥር ይሰጣሉ፤ ሦስቱ ቁጥሮች ግን አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ይህ ሲሆን ብዙ ሰው ከመሣሪያዎቹ አንዱ ተበላሽቷል ብሎ ያስባል። ብዙውን ጊዜ ግን ሦስቱም ትክክል ናቸው፤ የተለያየው የተጠየቁት ጥያቄ ነው። ስለዚህ ንጽጽሩን ከመሣሪያዎቹ ሳይሆን ከጥያቄው እንጀምራለን።

መስፈርቶቹ

ከሁሉም የሚቀድመው መስፈርት የርዝመት ልክ ነው። አንድ ምሳሌ ልውሰድ። የሞለኪውል ክብደቱ 1 ሚሊዮን የሆነ ፖሊኢትሊን ኦክሳይድ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ እያንዳንዱ ሰንሰለት ተጠቅልሎ ራዲየሱ ወደ 68 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) የሚጠጋ ልል ኳስ ይሠራል። በ100 ሚሊሊትር ውሃ ውስጥ 0.13 ግራም ገደማ ሲሟሟ እነዚህ ኳሶች መነካካት ይጀምራሉ፤ መጠኑ ወደ 1 ግራም ከፍ ሲል ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ ተወሳስበው መረብ ይሆናሉ፣ የመረቡም ዓይን በተለመደው ስሌት ወደ 15 ናኖሜትር ይጠብባል። እዚህ መረብ ውስጥ የገባ ነገር የሚሰማው ተቃውሞ በራሱ መጠን ይወሰናል። ከወንፊቱ ዓይን የሚያንሰው ቅንጣት በሰንሰለቶቹ መካከል ሾልኮ ስለሚያልፍ የሚያገኘው ተቃውሞ ለንጹሕ ውሃ የቀረበ ነው። ከዓይኑ በብዙ እጥፍ የሚበልጠው ግን መረቡን ሁሉ ይዞ ካልገፋ መንቀሳቀስ ስለማይችል የሙሙቱን ሙሉ ዝልግልግነት ይሸከማል። መድኃኒት የያዘ ሞለኪውል በጄል ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ የሚጠይቅ ሰው የመጀመሪያውን ቁጥር ይፈልጋል፤ ፓምፑ ሙሙቱን በቧንቧ ለመግፋት ምን ያህል ኃይል እንደሚጠይቅ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ሁለተኛውን።

ቀጥሎ የሚመጣው የጊዜ ልክ ነው። ፖሊመር ሙሙት በዝግታ ሲገፋ እንደ ፈሳሽ ይፈስሳል፣ በቅጽበት ሲመታ እንደ ጎማ ይለጠጣል፤ ስለዚህ ልኬቱ የተሠራበት ድግግሞሽ ሳይጠቀስ የሚሰጥ ዝልግልግነት ግማሽ መልስ ነው። ሦስተኛው መስፈርት የመግፋቱ ብርታት ነው፦ ሙሙቱ ሳይረበሽ በዕረፍት ላይ እያለ ያለውን ጠባይ ነው የምንፈልገው ወይስ በብርቱ ሲማሰል እንዴት እንደሚቀጥን? ከእነዚህ ሦስት የፊዚክስ ጥያቄዎች በኋላ የዕለት ተዕለት ሥራ ጥያቄዎች ይከተላሉ፤ ናሙናው ብርሃን ያሳልፋል ወይስ ድፍርስ ነው፣ ምን ያህል ናሙና አለ፣ የሚጨመረው ቅንጣት ከፖሊመሩ ጋር ይስማማል ወይስ ይጣበቃል፣ ወጪውስ ከነጥገናውና ከነሥልጠናው ምን ያህል ነው።

ሪዮሜትርና የመስታወት ቱቦ

የሚሽከረከር ሪዮሜትር ናሙናውን በሁለት ሳህኖች ወይም በሾጣጣና በሳህን መካከል አድርጎ በማዞር የሚፈልገውን ኃይል ይለካል። የሚጠይቀው ናሙና እንደ መለኪያው ቅርጽ ከግማሽ ሚሊሊትር እስከ ብዙ ሚሊሊትር ይደርሳል፤ በማወዛወዝ ሲለካ ደግሞ በአብዛኛው ከ0.01 እስከ 100 ራዲያን በሰከንድ ድረስ በልበ ሙሉነት ይሠራል። ከዚያ በላይ የራሱ የመሣሪያው ክብደት ልኬቱን ያዛባዋል። ሙሙቱ ሲማሰል እንዴት እንደሚቀጥን፣ ለመፍሰስ መጀመሪያ ምን ያህል ኃይል እንደሚጠይቅ፣ ሲቆም በምን ያህል ጊዜ እንደሚያገግም፣ እነዚህን በቀጥታ የሚያሳየው ይህ መሣሪያ ነው። መግነጢሳዊ ናኖቅንጣትን የሪዮሜትር ምትክ አድርጎ የሚያቀርብ ሰው ካጋጠመዎ አይቀበሉት፤ ቅንጣቶቹ በዚህ መስክ ሊተኩት አይችሉም።

የመስታወት ቱቦ ቪስኮሜትር በበኩሉ ከሁሉም ርካሹ ነው። ቱቦ፣ የሙቀት መጠኑ የማይዋዥቅ የውሃ ገንዳና የሩጫ ሰዓት ይበቁታል። የሚሰጠው አንድ ቁጥር ብቻ ቢሆንም ለቀጭን ሙሙቶችና የፖሊመሩን የሞለኪውል ክብደት ለመገመት ዛሬም አስተማማኝ ነው። ሙጫ አረቢያን የመሰለ፣ መጠኑ ሲጨመርበት እንኳ ብዙ የማይወፍር ፖሊመር ለሚያጠና ሰው ሥራውን ከዚህ ቢጀምር አይቆጨውም።

በማይክሮስኮፕ የሚታዩ ኳሶች

እ.ኤ.አ. በ1905 አንስታይን፣ በፈሳሽ ውስጥ የሚንሳፈፍ ደቃቅ ቅንጣት ከሙቀት የተነሣ የሚያደርገው መንቀጥቀጥ ከፈሳሹ ዝልግልግነት ጋር እንዴት እንደሚያያዝ በቀመር አስቀመጠ፤ ዣን ፔራን ይህን በሙከራ አረጋግጦ እ.ኤ.አ. በ1926 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ዛሬ በማይክሮስኮፕና በካሜራ የሚሠራው ልኬት ከዚህ የቀጠለ ነው። 1 ማይክሮሜትር የሚሆኑ የፖሊስታይሪን ኳሶች በጥቂት አሥር ማይክሮሊትር ናሙና ውስጥ ይጨመራሉ፣ እንቅስቃሴያቸው ይቀረጻል፣ ኮምፒውተሩ ከመንገዳቸው ዝልግልግነትንና ተለጣጭነትን ያሰላል።

ዘዴው የሚያምር ነው፤ ድንበሩ ግን ቅርብ ነው። 1 ማይክሮሜትር የሆነ ኳስ በውሃ ውስጥ በአንድ ሰከንድ በአንድ አቅጣጫ ወደ 1 ማይክሮሜትር ገደማ ይንቀሳቀሳል። ሙሙቱ ከውሃ 1000 እጥፍ ከወፈረ ግን እንቅስቃሴው ወደ 30 ናኖሜትር ይወርዳል፤ ይህም ካሜራው ሊለየው ወደሚችለው የመጨረሻ ልክ የቀረበ ነው። ናሙናው ብርሃን ማሳለፍ አለበት። ኳሱም ከመረቡ ዓይን እጅግ ስለሚበልጥ የሚነግረን ስለ ጠቅላላው ሙሙት እንጂ በሰንሰለቶቹ መካከል ስላለው ቦታ አይደለም።

የብርሃን ብተና

ሌዘር ናሙናው ላይ ተተኩሶ፣ የተበተነው ብርሃን የሚዋዥቅበት ፍጥነት ሲለካ ኳሶችን አንድ በአንድ ማየት ሳያስፈልግ ስለ እንቅስቃሴያቸው ማወቅ ይቻላል። ብርሃኑ ደጋግሞ በሚበተንባቸው እንደ ወተት ነጭ በሆኑ ናሙናዎች ላይ የሚሠራው ዓይነት በሰከንድ እስከ ሚሊዮን ራዲያን የሚደርስ ድግግሞሽ ስለሚነካ፣ ከፍጥነት አንጻር ከሪዮሜትር እጅግ ይርቃል። ነገር ግን ፖሊመሩ ራሱ ብርሃን ከበተነ ምልክቱ ይደባለቃል፤ ናሙናው ጥቁር ወይም ቡናማ ከሆነም ብርሃኑን ይውጠዋል። ብዙ ላብራቶሪዎች መሣሪያውን አስቀድመው ለቅንጣት መጠን መለኪያ ገዝተውት ስለሚገኝ፣ አዲስ ወጪ ሳይጠይቅ ሊሞከር የሚችል አማራጭ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

መግነጢሳዊ ናኖቅንጣቶች

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ፍሮይንድሊህና ዛይፍሪዝ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ የኒኬል ቅንጣቶችን በጀላቲን ውስጥ በማግኔት አንቀሳቅሰው ተለጣጭነቱን መርምረዋል። ኋላ በዲኤንኤ ቅርጽ ስሙ የገነነው ፍራንሲስ ክሪክ ደግሞ ሂዩዝ ከተባለ ተመራማሪ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው ጥናት የሕዋስን ውስጣዊ ፈሳሽ በመግነጢሳዊ ቅንጣቶች መርምሯል። ከዚያ ወዲህ የተለወጠው ትልቁ ነገር መጠኑ ነው፤ ዛሬ ከ10 እስከ 100 ናኖሜትር የሚሆኑ ቅንጣቶችን መጠናቸው የተቀራረበ አድርጎ መሥራት ይቻላል፣ ይህም ቅንጣቱን ከመረቡ ዓይን ጋር የሚስተካከል ያደርገዋል።

እዚህ ላይ ጀማሪዎች ደጋግመው የሚሳሳቱበትን ነጥብ ላስቀድም። ናኖቅንጣት የሚዞር እንጂ የሚጎተት አይደለም። 20 ናኖሜትር የሆነ የማግኔታይት (መግነጢሳዊ የብረት ኦክሳይድ) ቅንጣት በአንድ ሜትር 100 ቴስላ በሚለዋወጥ ብርቱ መስክ ውስጥ ቢቀመጥ፣ በውሃ ውስጥ በሰከንድ ወደ 1 ማይክሮሜትር ብቻ ይሳባል፤ በዚያው ሰከንድ ግን የሙቀት መንቀጥቀጡ 6 ማይክሮሜትር ገደማ ወዲያና ወዲህ ያንገላታዋል። መጎተቱ በመንቀጥቀጡ ውስጥ ይሰጥማል። ማዞር ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ለዚያው ቅንጣት 10 ሚሊቴስላ የሆነ፣ በተራ ጥቅል ሽቦ የሚገኝ መስክ የሚሰጠው የማዞሪያ ጉልበት ከሙቀቱ ጉልበት ከ4 እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ቅንጣቱን አንድ በአንድ ልጎትት ብሎ ያቀደ ሰው ወደ ማይክሮሜትር ኳሶች ይሂድ፤ ናኖ የመረጠ ሰው በማዞር ያስብ።

የማዞሩ ልኬት እንዲህ ይሠራል። ናሙናው በጥቅል ሽቦ ውስጥ ይቀመጥና ደካማ ተለዋዋጭ መስክ ይሰጠዋል፤ ድግግሞሹ ቀስ በቀስ ከፍ ሲል ቅንጣቶቹ መስኩን መከተል ያቅታቸዋል፣ ከመስኩ ወደ ኋላ የሚቀሩበት መጠን ጣራ የሚነካበት ድግግሞሽም ዝልግልግነቱን ይናገራል። ለጠቅላላ ዲያሜትር 20 ናኖሜትር ይህ ጣራ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ውሃ ውስጥ ወደ 50 ኪሎኸርዝ ገደማ ሲሆን፣ ከውሃ 1400 እጥፍ በሚወፍረው ግሊሰሪን ውስጥ ወደ 36 ኸርዝ ይወርዳል። ቅንጣቱ 100 ናኖሜትር ቢሆን ኖሮ በውሃ ውስጥ የሚገኘው ጣራ 400 ኸርዝ ገደማ ይሆን ነበር። የቅንጣቱን መጠን በመምረጥ ብቻ የርዝመቱንም የጊዜውንም ልክ መቀያየር እንደሚቻል ከዚህ ይታያል። ብርሃን ስለማያስፈልግ ድፍርስ ናሙና፣ ጥቁር ቀለም፣ የረጋ ጄል ሁሉ ይለካል፤ በእኔ ግምት የዘዴው ትልቁ ብልጫ ይህ ነው።

አሁን ወደ ቅንጣቱ ምርጫ እንምጣ፤ ገንዘብም ጊዜም የሚባክነው እዚህ ነውና። መግነጢሳዊ ቅንጣት መስኩን የሚከተልበት ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው መላ አካሉን ማዞር ነው፤ ሁለተኛው አካሉ ቆሞ በውስጡ ያለው የማግኔትነት አቅጣጫ ብቻ መገልበጡ ነው፣ ሰው ሳይዞር አንገቱን ብቻ እንደሚያዞር። ስለ ሙሙቱ የሚናገረው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሁለተኛው ዙሪያው ውሃ ይሁን ግሊሰሪን ሳይለይ ይከናወናል። በቀላሉ የሚሠራው 10 ናኖሜትር የማግኔታይት ቅንጣት የውስጥ መገልበጡን በናኖሰከንዶች ስለሚጨርስ ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይረባም። 20 ናኖሜትሩ ማግኔታይት ይበልጥ አታላይ ነው፦ በውሃ ውስጥ አካሉ በ3 ማይክሮሰከንድ ገደማ ስለሚዞርና የውስጥ መገልበጡ በግምት 70 ማይክሮሰከንድ ስለሚወስድ ጥሩ የሚሠራ ይመስላል፤ ሙሙቱ ከውሃ 100 እጥፍ ሲወፍር ግን መዞሩ ወደ 300 ማይክሮሰከንድ ስለሚዘገይ የውስጡ መገልበጥ ይቀድመዋል፣ መሣሪያውም ስለ ሙሙቱ ሳይሆን ስለ ቅንጣቱ መናገር ይጀምራል። በውሃ ተፈትኖ ያለፈ ቅንጣት በወፍራም ሙሙት የሚዋሸው በዚህ ምክንያት ነው።

ኮባልት ፌራይት፣ ማለትም ኮባልት የገባበት የብረት ኦክሳይድ፣ ከዚህ ችግር ያወጣል። የማግኔትነት አቅጣጫውን አጥብቆ ስለሚይዝ 10 ናኖሜትር ብቻ ሆኖ እንኳ የውስጥ መገልበጡ በደቂቃ የሚቆጠር ጊዜ ይፈጃል፤ 15 ናኖሜትር ላይ ደግሞ ለማንኛውም ተግባራዊ ልኬት እንደ ተቆለፈ ሊታይ ይችላል። በጀርመን የኮሎኝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ናኖሪዮሎጂ ብለው ያቀረቡት ስልትም የቆመው በኮባልት ፌራይት ላይ ነው። ጉድለቱ የኮባልቱ መርዛማነት ነው፤ ያለ ጓንት አይነካም፣ አሲዳማ ሙሙት ውስጥ ኮባልቱ ሊሟሟ ስለሚችልም ሕያው ሕዋስ ላለበት ጥናት አልመክረውም። ለዚያ ዓይነት ጥናት 30 ናኖሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ማግኔታይት ይሻላል፣ ምንም እንኳ በዚህ መጠን ቅንጣቶቹ እርስ በርስ እየተሳሳቡ የመጠርቀም ዝንባሌያቸው ቢጨምርም።

ሁለተኛው የስሕተት ምንጭ መጠኑ ነው። የመዞሩ ጊዜ ከቅንጣቱ ይዘት ጋር ስለሚያድግ፣ በዲያሜትሩ ላይ የሚሠራ የ10 በመቶ ስሕተት በዝልግልግነቱ ላይ 33 በመቶ ሆኖ ይመጣል። በካሜራ የሚታዩት ኳሶች ላይ ያው ስሕተት 10 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ሻጩ ዕቃው ላይ የጻፈው ዲያሜትር አይበቃም፤ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የሚታየው ዲያሜትርም የብረቱን እምብርት እንጂ ሽፋኑንና ሽፋኑ ይዞት የሚዞረውን ውሃ ስለማያካትት አይበቃም። ቅንጣቱ ዝልግልግነታቸው በታወቀ የውሃና የግሊሰሪን ቅይጦች ውስጥ ተለክቶ የራሱ የመዞሪያ ዲያሜትር አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

ሦስተኛው የሽፋኑ ነገር ነው። በመጀመሪያዎቹ ሙከራዎቼ በሲትሪክ አሲድ የተሸፈኑ ቅንጣቶችን ጨው ባለበት የፖሊመር ሙሙት ውስጥ ጨምሬ ከሰዓት በኋላ የለካሁት ውጤት እጅግ አስደስቶኝ ነበር፤ በማግስቱ ጠዋት ስደግመው ዝልግልግነቱ በብዙ እጥፍ ጨምሮ አገኘሁት። የጨመረው ዝልግልግነቱ አልነበረም፤ ጨው የቅንጣቶቹን የኤሌክትሪክ መገፋፋት ስላዳከመው ተጠርቅመው ነበር፣ የተጠረቀመው ደግሞ በዝግታ ስለሚዞር ሙሙቱ የወፈረ ያስመስላል። ረጃጅም ሰንሰለቶችም ራሳቸው ብዙ ቅንጣቶችን እየያዙ ሊያስተሳስሩ ይችላሉ። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ናሙናውን በአሟሚው መልሰው በብዙ ያቅጥኑትና ጣራው ቅንጣቱ ብቻውን በአሟሚው ውስጥ ወደነበረበት ድግግሞሽ መመለሱን ይመልከቱ። ካልተመለሰ ተጠርቅሟል። የቅንጣቶቹ ብዛትም ከሙሙቱ ይዘት ከ0.1 በመቶ ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ በዚህ ልክ በአንስታይን ቀመር ዝልግልግነቱን የሚጨምሩት 0.25 በመቶ ብቻ ነው። መጠናቸውን በግማሽ ቀንሶ ውጤቱ አለመለወጡን ማየትም ሊታለፍ አይገባም።

አንድ ነገር ልጨምር። በንጹሕ ፈሳሽ ውስጥ ጣራው አንድና ጥርት ያለ ነው፤ በፖሊመር ሙሙት ውስጥ ግን ይሰፋል፣ አንዳንዴም ሁለት ይሆናል፤ ተለጣጭነቱ እዚያ ውስጥ ተደብቋል። ከዚህ ቅርጽ ዝልግልግነትንና ተለጣጭነትን ለየብቻ ለማውጣት የስሌት ሞዴል መምረጥ ግድ ይላል፣ የቅንጣቶቹ መጠን መለያየት የሚፈጥረውንም መስፋት ለይቶ መቀነስ ያስፈልጋል። ሪዮሜትር ሁለቱን ቁጥሮች በቀጥታ ይሰጣል፤ እዚህ ግን ቁጥሮቹ የሚገኙት በተንታኙ ምርጫ በኩል ስለሆነ፣ ሪፖርት ሲጻፍ ሞዴሉ በግልጽ መጠቀስ አለበት።

በማግኔት የሚጎተቱ ትልልቅ ኳሶችና የኒኬል ዘንጎች

ከ1 እስከ 5 ማይክሮሜትር የሚሆኑ መግነጢሳዊ ኳሶች በሾለ የማግኔት ጫፍ ሲሳቡ ከፒኮኒውተን እስከ ናኖኒውተን የሚደርስ ኃይል ስለሚያገኙ፣ የኳስ መንቀጥቀጥ ለካሜራው በሚያንስበት ወፍራም ሙሙት ውስጥም መንገዳቸው ይታያል። ኃይሉ ሲበረታ ሙሙቱ ከዕረፍቱ ወጥቶ እንዴት እንደሚቀጥን በጥቂቱ ያሳያሉ፤ የሚጎድላቸው ከመረቡ ዓይን ጋር የሚስተካከል መጠን ነው።

በናኖቅንጣቶቹና በእነዚህ ትልልቅ ኳሶች መካከል ደግሞ በቀዳዳማ አሉሚና ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚበቅሉ፣ ውፍረታቸው 20፣ ርዝመታቸው 200 ናኖሜትር ገደማ የሆኑ የኒኬል ዘንጎች አሉ። ሲዞሩ በናሙናው የሚያልፈውን ብርሃን ስለሚለዋውጡ በሌዘርና በብርሃን መቀበያ ብቻ ሊለኩ ይችላሉ። አሠራራቸው ግን ልምድ ይጠይቃል፤ ዝግጁ ሆነው ከመደርደሪያ የሚገዙም አይደሉም።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| አማራጭ | የሚለካበት የርዝመት ልክ | የድግግሞሽ ልክ | ድፍርስ ናሙና | የናሙና መጠን | በብርቱ ሲማሰል መቅጠኑን ያሳያል? | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| የመስታወት ቱቦ | ጠቅላላ ሙሙት | አንድ ቁጥር ብቻ | ያስቸግራል | ብዙ ሚሊሊትር | አያሳይም | በጣም ዝቅተኛ |
| የሚሽከረከር ሪዮሜትር | ጠቅላላ ሙሙት | ዝቅተኛ | ይቻላል | ከግማሽ ሚሊሊትር በላይ | አዎ፣ ከሁሉም በተሻለ | ከፍተኛ |
| ኳስ በካሜራ መከታተል | 1 ማይክሮሜትር ገደማ | ዝቅተኛ፣ በካሜራው ፍጥነት የተገደበ | አይቻልም | አሥር ማይክሮሊትሮች | አያሳይም | መካከለኛ |
| የብርሃን ብተና | ከመቶ ናኖሜትር እስከ 1 ማይክሮሜትር | እስከ እጅግ ከፍተኛ | ነጭ ከሆነ ብቻ | ከ1 ሚሊሊትር ገደማ | አያሳይም | መካከለኛ፣ መሣሪያው ካለ ዝቅተኛ |
| ናኖቅንጣት በተለዋዋጭ መስክ | ከ10 እስከ 100 ናኖሜትር | ከኸርዝ እስከ መቶ ሺዎች ኸርዝ | ይቻላል | ከ1 ሚሊሊትር በታች | አያሳይም | በራስ ከተሠራ ዝቅተኛ፣ ከተገዛ ከፍተኛ |
| የኒኬል ዘንግ | 200 ናኖሜትር ገደማ | ዝቅተኛና መካከለኛ | አይቻልም | 1 ሚሊሊትር ገደማ | አያሳይም | መካከለኛ፣ ልምድ ይጠይቃል |
| መግነጢሳዊ ትልልቅ ኳስ | ከ1 እስከ 5 ማይክሮሜትር | ዝቅተኛ | አይቻልም | አሥር ማይክሮሊትሮች | በከፊል | መካከለኛ |

ለማን የትኛው ይስማማል?

ለቀለም፣ ለሽሮፕ፣ ለሳሙና ወይም ለምግብ ማወፈሪያ ጥራት የሚጨነቅ ባለሙያ በናኖቅንጣት መድከም የለበትም። የእሱ ጥያቄ ምርቱ ሲቀዳ፣ ሲቀባና ሲገፋ ስላለው ጠባይ ስለሆነ ገንዘቡን በሪዮሜትር ላይ ቢያውል፣ በጀቱ ካልፈቀደም በመስታወት ቱቦ ቢጀምር ይሻለዋል።

ናሙናው ጥቂት ጠብታ ብቻ ለሆነና ብርሃን ለሚያሳልፍለት ሰው፣ ለምሳሌ ከዓይን ወይም ከመገጣጠሚያ የተወሰደ ፈሳሽ ለሚያጠና፣ በካሜራ የሚታዩት ኳሶች ከሁሉም ይቀድማሉ። ማይክሮስኮፕ ካለው የሚጨምረው ወጪ ኳሶቹና ጥሩ ካሜራ ብቻ ነው፤ መንገዳቸውን የሚያሰሉ ነፃ ፕሮግራሞችም ይገኛሉ። ፈሳሹ ወፍራም ሆኖ ኳሶቹ ካልነቃነቁ በዚያው ማይክሮስኮፕ ላይ የማግኔት ጫፍ መጨመር ይቻላል።

በመረቡ ዓይን ውስጥ ስለሚሆነው ነገር የሚጠይቅ፣ መድኃኒት ወይም ፕሮቲን በጄል ውስጥ የሚጓዝበትን ተቃውሞ ማወቅ የሚፈልግ፣ ወይም ናሙናው ድፍርስ ስለሆነ ብርሃን ያልረዳው ተመራማሪ ግን መግነጢሳዊ ናኖቅንጣቶችን ይምረጥ። ከተቻለው ሁለት ወይም ሦስት የተለያዩ መጠኖች ይጠቀም፤ የመረቡ ዓይን የት እንዳለ የሚገለጸው ትንሹ ቅንጣት የሚሰጠው ዝልግልግነት ከትልቁ ቅንጣትና ከሪዮሜትሩ ሲለያይ ነውና። በዚህ ረገድ ናኖቅንጣቱና ሪዮሜትሩ ተፎካካሪ አይደሉም፤ ልዩነታቸው ራሱ መረጃ ነው፣ ያለ ሪዮሜትሩ ቁጥር የናኖቅንጣቱ ቁጥር ትርጉሙ ይጎድላል።

በጀቱ ጠባብ ለሆነ የዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ መንገዱ እንደሚባለው ዝግ አይደለም። የብረት ጨዎችን በአሞኒያ አዝቅጦ ማግኔታይት መሥራት በብዙ የኬሚስትሪ ክፍሎች የሚታወቅ ሥራ ነው፤ የሚያሳዝነው እንደዚያ የሚገኘው ቅንጣት በአብዛኛው 10 ናኖሜትር ገደማ ስለሆነ ቀደም ሲል እንዳልነው አለመርባቱ ነው። ሆኖም በሁለት እጅ የብረት(III) ጨው ላይ አንድ እጅ የኮባልት ጨው አድርጎ በኮስቲክ ሶዳ ማዝቀጥና ለመፍላት በተጠጋ ሙቀት ማቆየት ኮባልት ፌራይት ይሰጣል፤ ዕቃው ያው፣ ሥራው ያው ነው። መለኪያውም በራስ ሊሠራ ይችላል፦ መስኩን የሚፈጥር አንድ ጥቅል ሽቦ፣ በውስጡ እርስ በርስ ተቃራኒ ሆነው የተጠቀለሉ ሁለት መቀበያ ጥቅሎች፣ የምልክት ማመንጫና ሎክ-ኢን አምፕሊፋየር (በአንድ ድግግሞሽ ያለን ደካማ ምልክት ለይቶ የሚያጎላ መሣሪያ)። ናሙናው ከሁለቱ መቀበያዎች በአንዱ ውስጥ ይገባል፤ የቀረው ጥቅል የመስኩን የራሱን ምልክት ስለሚያጠፋ የቅንጣቶቹ ብቻ ይቀራል። የሚቀሰቀሰው ቮልቴጅ ከድግግሞሹ ጋር ስለሚያድግ እንዲህ ያለው መሣሪያ ከ10 ኸርዝ በታች ይደክማል፤ ስለዚህ ለወፍራም ሙሙት ትንሽ ቅንጣት ይመረጣል።

እንዲህ ያለ መሣሪያ የሚሠራ ሰው ሁለት ነገር ይጠንቀቅ። ጥቅል ሽቦው ሲሠራ ይሞቃል፣ የውሃ ዝልግልግነት ደግሞ በክፍል ሙቀት አካባቢ በአንድ ዲግሪ 2 በመቶ ገደማ ይለወጣል፤ የሙቀት መለኪያው ከናሙናው አጠገብ ይሁን፣ በጥቅሉና በናሙናው መካከልም ውሃ ቢዘዋወር ይመረጣል። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለፖሊመር አይዋሉ። ንጹሕ ውሃ፣ ከዚያ ግሊሰሪኑ እየጨመረ የሚሄድ አራት ወይም አምስት ቅይጥ ይለካ፤ ከእያንዳንዱ የሚወጣው የቅንጣት ዲያሜትር አንድ ዓይነት መሆኑ ይታይ። ግሊሰሪኑ ሲጨምር ዲያሜትሩ እያነሰ የሚሄድ ከሆነ የውስጥ መገልበጡ ገብቷል ማለት ነውና ቅንጣቱ ይቀየር፤ በማግስቱ ሲደገም ዲያሜትሩ ከጨመረ ሽፋኑ ይቀየር። ፖሊመሩ የሚጨመረው ከዚህ በኋላ ነው።